የማን ካራት? የአልማዝ ክብደት ከዘር ፍሬ እስከ ዛሬው ሚዛን



በየገጹ የሚዞር አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። «በጥንት ዘመን አልማዝ የሚመዘነው ካሮብ በሚባል ዛፍ ፍሬ ነበር፤ ምክንያቱም የካሮብ ፍሬዎች ሁሉ ክብደታቸው አንድ ዓይነት ነው» ይላል። ሁለት ሦስት ሰው በውስጥ መስመር ልኮልኝ «ቲቸር፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ተረት ነው። ተረቱ ሲፈታ የሚወጣው ታሪክ ግን ከተረቱ ይበልጥ ስለሚጥም እስኪ ዛሬ ሰፋ አድርገን እንየው። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ።

ካሮብ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው እንደ ባቄላ በቅርፊት ውስጥ ተደርድሮ ይወጣል፤ ቅርፊቱ ጠምዘዝ ያለ ቀንድ ይመስላል። ግሪኮች ለዚህ ነው «ኬራቲዮን» ያሉት፤ ትንሽ ቀንድ ማለት ነው። ቃሉን ሳናውቀው ሁላችንም አንብበነዋል። በሉቃስ ወንጌል የጠፋው ልጅ እሪያ ሲጠብቅ ተርቦ የተመኘው፣ በአማርኛው «አሰር» ተብሎ የተተረጎመው ነገር በግሪኩ የዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር ነው። የእሪያ መኖ የነበረው ነገር ስም ነው እንግዲህ ዛሬ በዓለም ውዱ ድንጋይ የሚለካበት! ከግሪክ ወደ ዓረብኛ ሲገባ «ቂራጥ» ሆነ፣ ጣልያኖች «ካራቶ» አሉት፣ እኛም «ካራት» ብለን ተቀበልነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ስላለ ቆም እንበል። ወርቅ ቤት ገብታችሁ «18 ካራት» ወይም «21 ካራት» ስትባሉ የሚነገራችሁ ክብደት አይደለም፤ ጥራት ነው። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ 6ቱ ሌላ ብረት ማለት ነው። 24 ከየት መጣ? በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ «ሶሊዱስ» የሚባል የወርቅ ገንዘብ አሳተመ። ክብደቱ 4.5 ግራም ገደማ ሆኖ በ24 ኬራቲዮን ይከፈል ነበር። ስለዚህ ካራት «ከ24 አንድ እጅ» የሚል ትርጉምም ያዘ። ግብፆች እስከ ዛሬ አንድ ፈዳን መሬት 24 ቂራጥ ነው ይላሉ። የአልማዙ ካራት ግን ክብደት ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። አምስት ካራት አንድ ግራም ይሞላል። የዛሬ ወሬያችን ስለዚህኛው ነው።

አሁን ወደ ሕንድ እንሂድ። ለምን ሕንድ? እስከ 18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በዓለም ገበያ የነበረው አልማዝ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከዚያ ስለነበር ነው። የብራዚሉ የተገኘው በ1720ዎቹ፣ የደቡብ አፍሪካው ደግሞ በ1860ዎቹ መጨረሻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንዶችም በዘር ነበር የሚመዝኑት። «አርታሻስትራ» በሚባለው ጥንታዊ የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፍ ላይ የአልማዝ መመዘኛ በሩዝ ፍሬ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ከሩዝ ያነሰውን ደግሞ በሰናፍጭ ፍሬ ይለኩት ነበር። ከሁሉ የታወቀው ግን «ራቲ» ነው። ቀይ ሆኖ ጫፉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ ዶቃ የሚመስል ትንሽ ፍሬ ነው። አንዱ በአማካይ 0.12 ግራም ገደማ ይመዝናል።

በ17ኛው መቶ ዘመን ዣን ባፕቲስት ታቨርኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ ወደ ምሥራቅ ስድስት ጊዜ ተመላልሶ ያየውን በ1676 አሳተመ። ይህ ሰው ነጋዴ ስለሆነ የሚጽፈው ስለ ቤተ መንግሥት ግርማ ብቻ አይደለም። ስለ ሚዛን ይጽፋል፣ ስለ ዋጋ ይጽፋል። በማዕድኑ ቦታ ጠዋት ጠዋት ዛፍ ሥር የሚቀመጡ የነጋዴ ልጆችን አይቷል። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 ነው። ልብ በሉ፣ የኔ ተማሪዎች እኩዮች ናቸው! እያንዳንዱ በአንድ ጎኑ የአልማዝ መመዘኛውን በከረጢት፣ በሌላ ጎኑ የወርቅ ገንዘቡን አንጠልጥሎ ይጠብቃል። አልማዝ ያመጣ ሰው ለታላቅየው ይሰጠዋል፣ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ማንም ቃል አይናገርም። የፈለገው ይገዛል። ማታ ላይ ድንጋዮቹን በጥራትና በክብደት ለይተው ለትልልቅ ነጋዴዎች ይሸጣሉ፤ ትርፉን ይካፈላሉ፣ ታላቅየው ከመቶ ሩብ ያህል ብልጫ ያገኛል።

እነዚህ ልጆች በምን ነበር የሚመዝኑት? ታቨርኒዬ «ማንጀሊን» ይለዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። እንደሱ ጽሑፍ በራኦልኮንዳና በኮሉር የማዕድን ቦታዎች አንድ ማንጀሊን 1¾ ካራት ነው። በጎልኮንዳና በቢጃፑር ግዛቶች ገበያ ያው ማንጀሊን 1⅜ ካራት ነው። ፖርቱጋሎች በያዟት ጎዋ ደግሞ ስሙ እሱው ሆኖ 1¼ ካራት ነው። ወደ ቤንጋል ብትሄዱ ማንጀሊን ቀርቶ በራቲ ይመዘናል፤ ራቲው በሱ ሒሳብ ⅞ ካራት ነው።

እስኪ እናስላው። ማዕድኑ ላይ 4 ማንጀሊን የተባለ ድንጋይ 7 ካራት ነው። ጎዋ ላይ ያው ድንጋይ 5 ማንጀሊን ከግማሽ በላይ ይወጣዋል። ድንጋዩ አላደገም። ግን «ማንጀሊን ማንጀሊን ነው» ብሎ የጎዋውን ሒሳብ ይዞ ወደ ማዕድኑ የሄደ፣ ወይም የማዕድኑን ይዞ ጎዋ የወረደ ሰው ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ይከብራል ወይ ይከስራል።

ኪሳራው ደግሞ ተራ አይደለም። የአልማዝ ዋጋ ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም። ታቨርኒዬ የጻፈው ደንብ እንዲህ ነው፦ የአንድ ካራት ድንጋይ ዋጋ 150 ሊቭር ከሆነ (ሊቭር የፈረንሳይ ገንዘብ ነው)፣ የድንጋዩን ክብደት በራሱ አባዛና በ150 ምታው። ሁለት ካራት ማለት 4 እጥፍ ዋጋ ነው፣ ሦስት ካራት 9 እጥፍ። ስለዚህ በክብደት ላይ የ5 በመቶ ስሕተት ካለ በዋጋ ላይ 10 በመቶ ይሆናል። ሒሳብ የተማራችሁ ሞክሩት፣ 1.05 ሲባዛ በ1.05።

አሁን ትልቁን ድንጋይ ልጥራ። በ1665 ታቨርኒዬ የሞጎሉን ንጉሥ የአውራንግዜብን ጌጣጌጥ እንዲያይ ተፈቀደለት። አንድ ግዙፍ አልማዝ በእጁ ይዞ አየ፤ «ታላቁ ሞጎል» የሚባለው ነው። ሳይቆረጥ 900 ራቲ ነበር ይላል። ቆራጩ ኦርቴንሲዮ ቦርጂዮ የሚባል የቬኒስ ሰው ሥራውን አበላሽቶት፣ የድካም ዋጋ ሊከፈለው ቀርቶ 10,000 ሩፒ ተቀጣ። የቀረው ክብደት 319½ ራቲ፣ በታቨርኒዬ ሒሳብ 279 ካራት ከ9/16 ነው። ዋጋውን በደንቡ መሠረት ሲያሰላ 11,723,278 ሊቭር አወጣ። እዚያው ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ድንጋዩ ልክ 279 ካራት ቢሆን ኖሮ 11,676,150 ሊቭር ብቻ ይሆን ነበር ይላል። 9/16 ካራት ማለት ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ገደማ ናት። ያቺ ኢምንት 47,128 ሊቭር አወጣች!

ታዲያ ይህ ድንጋይ ዛሬ የት ነው? እዚህ ላይ ነው የመመዘኛ ጉዳይ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያጣላው። ታቨርኒዬ አንድ ራቲ ⅞ ካራት ነው ብሏል፤ ወደ 0.18 ግራም መሆኑ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ኔቪል ስቶሪ-ማስክሊን በ19ኛው መቶ ዘመን ተነሥቶ «ሰውየው የተሳሳተ ራቲ ነው የተጠቀመው» አለ። እናንተም ወረቀት አውጡና 319½ን በተራው ራቲ በ0.12 ግራም አባዙት። 38.3 ግራም ይመጣል። ስሙ የገነነው ኮሂኑር እንግሊዝ ሲደርስ ስንት መዘነ? 38.2 ግራም ገደማ። «ስለዚህ ሁለቱ አንድ ድንጋይ ናቸው» አለ ማስክሊን። ሌሎቹ «የለም፣ ነጋዴ የሚገበያይበትን ራቲ አይስትም፤ ለዕንቁና ለከበረ ድንጋይ የሚውለው ራቲ ከባድ ነበር» ብለው ተከራከሩ። ሌሎች ደግሞ ታላቁ ሞጎል ዛሬ በሩሲያ ክሬምሊን ያለው ኦርሎቭ ነው ይላሉ። በአንድ ወቅት የዓለም ትልቁ የነበረ አልማዝ ማንነቱ ያልለየለት «ራቲ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ስላልተዘጋ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ተረቱ እንመለስ። የካሮብ ፍሬዎች እውነት እኩል ናቸው?

በ2006 ሊንዚ ተርንቡልና ባልደረቦቿ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንን ጥያቄ ቁጭ ብለው መዘኑት። ከተለያዩ የካሮብ ዛፎች ፍሬ ሰብስበው አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጡ። የክብደቱ መለያየት 23 በመቶ ሆነ። የሌሎች 63 ዕፅዋት ዘር አማካይ መለያየት ስንት ነው? 25 በመቶ። እንግዲህ ካሮብ ከሌላው ዘር የተለየ እኩልነት የለውም ማለት ነው። ባቄላችሁን ብትመዝኑም ያው ነው።

ደስ የሚለው ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ለሰዎች የካሮብ ፍሬ ሰጥተው «በዓይናችሁ ብቻ ከባዱን ለዩ» ሲሏቸው ሰዎቹ የ5 በመቶ ልዩነት ድረስ መለየት ቻሉ። ከዚያ የድሮዎቹን የካራት መመዘኛዎች ሲያወዳድሩ በነሱም መሀል ያለው ልዩነት 5 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የገባችሁ ይመስለኛል። ዛፉ እኩል ፍሬ አልሰጠም፤ ነጋዴው ነው በዓይኑ እየመረጠ እኩል ያደረገው። ትልልቁን ጣለ፣ ጫጩውን ጣለ፣ መካከለኛውን ያዘ። ከዚያ ትውልድ ሲያልፍ ሙያው ተረሳና ክብሩ ለዛፉ ተሰጠ።

መራጩ ሰው ከሆነ ደግሞ ከተማ ሲለወጥ ምርጫውም ይለወጣል። ፍሬው በብረት መመዘኛ ከተተካ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። የለንደን ካራት 205 ሚሊግራም ከትንሽ ነበር፤ የፍሎረንስ 197 ገደማ። ሁሉም በየከተማው «ትክክለኛው የኔ ነው» ይላል።

ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን እህል በቁና ሲሰፍሩ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው ይለይ ነበር፤ በክንድ ጨርቅ ሲለካም ረጅም ክንድ ያለው ዘመድ ይዞ ገበያ መሄድ ነበር ይባላል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረታችን ስለ ፍርድ ቢሆንም ከገበያ የተወለደ ነው።

የድሮ መጻሕፍትን ስታነቡ ለዚህ ነው ግራ የሚገባችሁ። ኮሂኑር በ1852 እንደገና ከመቆረጡ በፊት በአንዱ መጽሐፍ 186 ካራት፣ በሌላው 191 ካራት ተብሎ ታገኙታላችሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የመጀመሪያው የለንደን ካራት፣ ሁለተኛው የዛሬው ነው። «ፍሎረንታይን» የሚባለውን ቢጫ አልማዝ ታቨርኒዬ 139½ ካራት ብሎ ጻፈው፣ የዛሬ መጻሕፍት 137.27 ይሉታል። አንዱ ቁጥሩ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ማንም አልነካቸውም። የተለወጠው ካራቱ ነው።

ሌላም ራስ ምታት ነበር። ክብደቱ በአሥርዮሽ አይጻፍም። ካራት በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛ እየተከፈለ እስከ 1/64 ይወርዳል። አንድ ጥቅል ውስጥ ሃያ ድንጋይ ካለ የሃያውን ክፍልፋይ መደመር ነው። ክፍልፋይ ስትደምሩ ፊታችሁ የሚከፋ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የአልማዝ ነጋዴ ብትሆኑ ኖሮ በየቀኑ ነበር!

ታዲያ ለምን አላስማሙትም? ሞክረው ነበር። በ1870ዎቹ የፓሪስ ነጋዴዎች 205 ሚሊግራም ይሁን ብለው ተነሡ፤ ነገሩ ግን ዓለም ሁሉ የተቀበለው ሕግ አልሆነም። በ1893 አሜሪካዊው የከበረ ድንጋይ ሊቅ ጆርጅ ፍሬደሪክ ኩንዝ 200 ሚሊግራም የሚል ሐሳብ አቀረበ። በኋላም በፓሪስ አጠገብ ካለው ዓለም አቀፍ የመመዘኛዎች ቢሮ ሻርል ኤድዋር ጊዮም ይህንኑ ገፋበት። እኚህ ሰው በ1920 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ናቸው።

የ200 ብልሃቱ ምንድን ነው? አምስቱ አንድ ግራም ይሞላል፣ በአሥርዮሽ ይጻፋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የለንደንም የፍሎረንስም አይደለም። «የኔን ተቀበል» የሚል ሰው ሳይኖር ሁሉም የራሱን ትቶ ወደ አዲሱ ይመጣል።

የነጋዴው ፍርሃትም ከንቱ አልነበረም። በለንደን ካራት 100 የሆነ ድንጋይ በአዲሱ 102.65 ይሆናል። ሻጭ የአንዱን ካራት ዋጋ ሳይቀንስ በአዲሱ ቢሸጥ ገዢው ሳያውቀው 2.65 በመቶ ጭማሪ ከፈለ ማለት ነው። ገዢ ደግሞ በድሮው ካራት ገዝቶ በአዲሱ ሊሸጥ ይችላል። የሽግግሩ ቀን የሌባ ቀን እንዳይሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ መሻገር ነበረበት።

በ1907 አራተኛው ጠቅላላ የመመዘኛዎች ጉባኤ 200 ሚሊግራሙን «ሜትሪክ ካራት» ብሎ አጸደቀ። ውሳኔ አንድ ነገር፣ ገበያ ሌላ ነገር ነውና አሜሪካ የገባችበት በሐምሌ 1913፣ ብሪታንያ በሚያዝያ 1914 ነው።

በመሀል የሆነው ነገር ያስቃል። በጥር 1905 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በፕሪሚየር ማዕድን ኩሊናን የሚባለው፣ እስከ ዛሬ ከተገኙት ለጌጥ የሚሆኑ ጥሬ አልማዞች ሁሉ ትልቁ ተገኘ። 621 ግራም ነው። በጊዜው በድሮው ካራት 3,025¾ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ 3,106¾ ነው የሚባለው። በወረቀት ላይ 81 ካራት አደገ! በ1908 አምስተርዳም ላይ ተቆረጠ፤ ከውስጡ የወጣው ትልቁ ድንጋይ በዛሬው 530.2 ካራት ሆኖ በእንግሊዝ ነገሥታት በትር ላይ ተቀምጧል።

ዛሬስ? ዛሬ ሚዛኑ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ትንፋሽ እንዳይነካው በመስታወት ሳጥን ይሸፈናል። አንድ ካራት በ100 ይከፈላል፣ አንዱ እጅ «ፖይንት» ይባላል። ግን ሰው ያው ሰው ነው። 1.00 ካራት የሚል ወረቀት ያለው ድንጋይ 0.99 ከሚለው በዋጋ ይበልጣል፤ በዓይን ግን ማንም አይለያቸውም። ስለዚህ ቆራጮች ውበቱን ትንሽ ሠውተው እንኳ 1.00 እንዲሞላ ድንጋዩን ወፈር ያደርጉታል። የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም (ጂአይኤ) ለዚህ ጥብቅ ደንብ አለው። ከነጥብ በኋላ ሦስተኛዋ አኃዝ 9 ካልሆነች ወደ ላይ አይጠጋጋም። 0.998 የመዘነ 0.99 ተብሎ ይጻፋል፤ 0.999 ብቻ 1.00 ይባላል።

ቀለበት ላይ የታሰረውስ? ሳይነቀል አይመዘንምና በልኬት ይገመታል። ለክብ ድንጋይ ስፋቱን በሚሊሜትር በራሱ አባዙ፣ በጥልቀቱ ምቱ፣ ከዚያ በ0.0061። ስፋቱ 6.5፣ ጥልቀቱ 3.9 ከሆነ አንድ ካራት ይሰጣችኋል። በአልማዝ ስም የሚሸጠው ዚርኮኒያ ደግሞ እፍግታው ከአልማዝ ስለሚበልጥ በዚያው መጠን ከአንድ ካራት ተኩል በላይ ይመዝናል። ውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ያልታሰረ ድንጋይ «አልማዝ ነው» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ከወሬው በፊት ሚዛን ጠይቁ።

የመጨረሻዋን ነጥብ ወደ ቤታችን ላምጣት። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የወሎው ኦፓል፣ በተለይ የደላንታ ወገልጤና አካባቢው፣ በዓለም ገበያ ስም አውጥቷል። ጥሬው በግራምና በኪሎ ይሸጣል፣ ተቆርጦ ሲወለወል በካራት። አንድ ኪሎ 5,000 ካራት ነው። ይህ ኦፓል ደግሞ አልማዝ የሌለው ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ሲርስ ክብደቱ ይጨምራል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል። እርጥብ ሆኖ የተመዘነና ደርቆ የተመዘነ ያው ድንጋይ ሁለት ዋጋ አለው ማለት ነው። ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ሰው ሊጎዳ ይችላል። የድንጋዩን ጠባይና የካራቱን ሒሳብ የሚያውቅ የደላንታ ወጣት ከሚገዛው ነጋዴ ጋር እኩል ይቀመጣል፤ የማያውቅ ግን የተባለውን ተቀብሎ ይሄዳል።

ክፍል ውስጥ «አሃዱን ጻፉ» እያልኩ የማሰለቻችሁ ለዚህ ነው። ቁጥር ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። «279 ካራት» ሲባል የማን ካራት? «4 ማንጀሊን» ሲባል የየት ገበያ? እኩል ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ በዓለም ላይ ተፈልጎ አልተገኘም። ሰዎች ግን ቁጭ ብለው፣ ተጨቃጭቀው፣ ሁሉም የራሱን ትቶ እኩል የሆነ መመዘኛ ሠሩ። ለዚያም ከቆስጠንጢኖስ እስከ 1907 ድረስ ወደ 1,600 ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

በአካባቢያችሁ የምታውቁት የድሮ መለኪያ ካለ፣ የእህልም የቅቤም የመሬትም ይሁን፣ ስሙንና ስንት እንደሚሆን ከታች ጻፉልኝ። ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ እነሱ ካለፉ የሚነግረን የለም።

ቸር ሰንብቱልኝ።